ሦስተኛው ምስክር

ላሊበላ ፍርድ ቤት ጉዳይ ኖሮት እኔን የማያውቅ ሰው የለም ብል ጉራ አይሁንብኝ። ከአጥሩ ሥር፣ ወይራው ጥላ በሚጥልበት በኩል ጠረጴዛ ዘርግቼ ለሰው ማመልከቻ ስጽፍ ነው ዕድሜዬ ያለቀው። ድቁና ጀምሬ ትቼዋለሁ። ከቤተ ክህነት ትምህርት የተረፈኝ የእጅ ጽሑፌ ነው፤ ያስተማሩኝ የኔታ ብራና ጸሐፊ ስለነበሩ ፊደል የሚያዛባ እጅ በአርጩሜ ይሉት ነበር። ዳኞቹ ሳይቀሩ ወረቀቱን ገና በሩቁ ሲያዩ «ይሄማ የሙላው ነው» ይላሉ። በዚህ እኮራ ነበር፤ ኩራቱ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም። እንዳታዝኑልኝ ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ በዳዩ እኔ ነኝ።

ነገሩ የሆነው ባጃጅ ከተማችንን ባጥለቀለቀበት ዘመን፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው። ማክሰኞ ጠዋት አንዲት ሃያ ሁለት ዓመት ግድም የምትሆን ልጅ፣ ጂንስ ሱሪዋ ላይ ነጠላ አጣፍታ፣ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች።

«ጋሼ ሙላው እርስዎ ነዎት? ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ስጠይቅ እርስዎን አሳዩኝ።»

«ተቀመጪ እስኪ። ጉዳይሽ የምንድን ነው? የመሬት ነው? የቀለብ ነው?»

«የራሴ መዝገብ ነው። በጉዲፈቻ ነው ያደግኩት።»

መቅደስ ግርማ ትባላለች፤ ከአዲስ አበባ ነው የመጣችው። ያሳደጋት አባቷ አምና ሲያርፍ ከዕቃው መካከል የዚህ ፍርድ ቤት ውሳኔ ተገኘ። አሳዳጊ እናቷን ስትጠይቃት ጉዲፈቻ መሆኗን አልደበቀቻትም፤ ስለ ወላጅ እናቷ ግን ሞታለች ከማለት ሌላ አልነገረቻትም። መቅደስ ውሳኔውን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ። አጭር ነው፤ «ወላጆቿ በሞት የተለዩዋት ሕፃን» ይላል እንጂ የእናቲቱን ስም አይጠቅስም።

«ስሟ ያለበት ዋናው መዝገብ እዚህ ነው አሉኝ» አለች መቅደስ።

«ስሟን ምን ታደርጊዋለሽ?»

«ፍትሐት ላስደርግላት ነው። ተደርጎላት ይሁን አይሁን የሚያውቅ የለም። ቄሱን አነጋግሬ ለእሑድ ቀጠሩኝ፤ ለነዳያን ዳቦና ጠላ የሚያዘጋጁ ሴቶችም ተገኝተዋል። ክርስትና ስሟን አምጪ ነው የሚሉኝ። መዝገቡ ላይ ስሟን ካገኘሁ የሚያውቃትን ሰው ፈልጌ እጠይቃለሁ።»

ገና ግርማ ስትል ጠርጥሬ ነበር። ውሳኔው ላይ የግርማን ስም እስከ አያቱ ሳነብ ግን ጥርጣሬዬ አለቀ።

ደርግ በወደቀ በሁለተኛው ዓመት ገደማ ነው። ግርማ በመንግሥት ሥራ ተዛውሮ የመጣ ጎረቤቴ ነበር፤ ደግ ሰው፣ ከሚስቱ ጋር ልጅ አጥተው የተጨነቁ። ባሏ በጦርነቱ የቀረባት ታንጉት የምትባል ወጣት ሴት ልብሳቸውን ታጥብ ነበር። የሁለት ዓመት ልጇን ይዛ ትመጣለች፤ ሕፃኗ እነግርማ ቤት መዋል፣ ኋላም ማደር ጀመረች። እናሳድግልሽ ሲሏት ታንጉት ብዙ አሰበችና «ታስተምሯታላችሁ?» ብላ ጠየቀች። «እናስተምራታለን፤ ደብዳቤም እንጽፍልሻለን» አሏት። እሺ አለች።

የግርማ ሚስት ግን ስጋት ገባት። እናት ካለች ነገ ሐሳቧን ለውጣ ትወስድብኛለች አለች። አንድ ሕግ አውቃለሁ ባይ ደግሞ ልጅቱ ወላጅ የሌላት ከሆነች ጉዳዩ ቶሎ ያልቃል ብሎ መከራቸው። ለዚህ ሦስት ምስክር ያስፈልግ ነበር።

በእኛ አገር ጎረቤት «ምስክር ሁነኝ» ሲልህ «ምኑን አይቼ?» አትለውም። የሚጠይቅህ ጎረቤትነትህን ነው። ነገ አንተም ለመሬትህ ወሰን፣ ለጠፋብህ በሬ ሰው ትፈልጋለህ። ሁለት ጎረቤቶች እሺ አሉ፤ ሦስተኛው እኔ ሆንሁ። ወረቀቱንም በዚያ በምኮራበት እጄ ራሴ ጻፍሁት። «የሕፃን ካሳነሽ ወላጅ እናት ወይዘሮ ታንጉት በሕመም ሞታ ስትቀበር ያየን መሆናችንን እንመሰክራለን።» ካሳነሽ ያኔ የልጅቱ ስም ነበር።

ያን ስጽፍ ታንጉት አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። ማንበብ አትችልም። «አያ ሙላው፣ ምን ይላል?» አለችኝ።

«ልጅሽ ትማራለች ነው የሚለው» አልኋት።

እነግርማ በዓመቱ ወደ አዲስ አበባ ተዛወሩ። ታንጉት የፖስታ ሳጥን ስለሌላት ደብዳቤው በእኔ በኩል እንዲመጣ ነበር የተነጋገሩት። ከዚያ ወዲያ ስምንት ዓመት ያህል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ስትወጣ ጠረጴዛዬ ጋ ቆም ትላለች። «ደብዳቤ መጣ?» ትለኛለች። «አልመጣም ታንጉት» እላታለሁ፤ እውነትም አንድም አልመጣ። በኋላ በሙጃ በኩል አንድ ገበሬ አግብታ ሄደች። በሕይወት እንዳለች ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት መቅደስ ከመምጣቷ ሦስት ዓመት በፊት ነበር። ሁለቱ ምስክሮች ግን ሞተዋል። የቀረሁ እኔ ነኝ።

እንግዲህ ይህችው ሕፃን ነች አድጋ ፊቴ የተቀመጠችው። ምን እንዳደረግሁ ታውቃላችሁ? ማመልከቻውን ጻፍሁላት፤ ግን አዳክሜ ጻፍሁት። ሕጉን አልጠቀስሁ፣ ምክንያቷን አላብራራሁ። «መዝገቡ እንዲታየኝ እጠይቃለሁ» ብዬ በሁለት መስመር ዘጋሁት። እንዲመልሷት ነበር የፈለግሁት።

መለሷት። ከቀትር በኋላ መጥታ ጠረጴዛው ላይ ክርኗን አስደገፈች።

«የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ ‹ባለጉዳይዋ ማናት?› አለኝ። ‹እኔ› አልኩት። ‹አንቺማ የተሰጠሽው ነሽ፤ ባለጉዳዮቹ ሰጪና ተቀባይ ናቸው› አለኝ።»

«ሕጉ እንዲያ ከሆነ ምን ይደረጋል? ልጄ፣ ባይሆን ይቅርብሽ። እግዚአብሔር ስሟን ያውቀዋል። ቄሱ ዝም ብለው ይጸልዩ።»

መቅደስ የተመለሰውን ማመልከቻ አንሥታ አነበበችው። «ጋሼ፣ አይቀየሙኝና ይሄ ደካማ ነው» አለች። «ከእርስዎ የተሻለ የሚጽፍ ሰው ካለ ይጠቁሙኝ።»

ከእርስዎ የተሻለ! ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም። ደሜ ፈላ። ወረቀት ሳብሁና ለዳኛው አድርጌ እንደገና ጀመርሁ። ስለ ራስዋ መወለድ የተጻፈ መዝገብ ከማንም በፊት እሷን እንደሚመለከት፣ ያኔ የሁለት ዓመት ሕፃን ስለነበረች መጠየቅ እንደማትችል፣ ዛሬ ለአካለ መጠን ደርሳ በራሷ እግር መምጣቷን፣ እናቷን በስሟ ለማሰብ እንኳ መከልከሏን፣ አንድ በአንድ ዘረዘርሁት። እንዲያ ያለ ማመልከቻ ጽፌ አላውቅም። ጨርሼ ስሰጣት ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ። ደጉን ሥራ ያሠራኝ ሕሊናዬ ነው ብላችሁ እንዳትሳሳቱ፤ ጉራዬ ነው።

ረቡዕ ዳኛው ፈቀዱ። ሐሙስ ጠዋት መቅደስ የመዝገቡን ኮፒ ይዛ ከፍርድ ቤቱ በር ስትወጣ አየኋት። ልሸሽ አሰብሁ፤ ጠረጴዛ ተሸክሞ የት ይሸሻል?

መጥታ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጠች። አንዱ ማክሰኞ የጻፍሁላት ማመልከቻ ነው። ሌላው የሦስቱ ምስክሮች ወረቀት።

«ጽሑፉ አንድ ነው» አለች። «ስምዎም አለበት። ሦስተኛው ምስክር እርስዎ ነዎት አይደል?»

«ነኝ።»

እንግዲህ ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ እጄን በሁለት እጇ ያዘችና ልትስመኝ ጎንበስ አለች።

«ያውቋታል ማለት ነው። አሟሟቷን አይተዋል። ስትቀበር እርስዎ ነበሩ።»

እጄን ቀስ ብዬ አስለቀቅሁ።

«ማክሰኞ ለምን አልነገሩኝም? ረስተውት ነው? ሃያ ዓመት እኮ ነው፤ አልፈርድብዎትም። መቃብሯን ብቻ ያሳዩኝ፣ ጋሼ።»

ተነሣሁ። ዛሬም የሚያሳፍረኝ ይህ ነው። ጠረጴዛውን ጥዬ ተነሣሁና ወደ ታችኛው ሰፈር፣ ከከተማው ወጣ ወዳለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን መንገድ መራኋት። እዚያ ስም ያልተጻፈበት የድንጋይ ክምር ሞልቷል። አንዱን ብጠቁማት ማን ያውቅብኛል? ታለቅሳለች፣ ጧፏን ታበራለች፣ እሑድ ፍትሐቱ ይደርሳል፣ ሰኞ አውሮፕላኗን ተሳፍራ ትሄዳለች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያ መንገድ ላይ ታንጉት ከሦስት ዓመት ወዲህ ሞታ በሆነ ብዬ ተመኝቻለሁ። ሞታ ከሆነ ውሸቴ ውሸት መሆኑ ይቀር ነበር።

መቅደስ በመንገድ ላይ ጧፍ ገዛች። ታወራኛለች። «መልኳ ጠይም ነበር? ቁመቷስ?» ትለኛለች።

«ጠይም ናት» አልሁ። «ነበረች» ማለት አፌ እንቢ አለ። እሷ ልብ አላለችውም።

ቅጥሩ በር ላይ ስንደርስ ጫማዋን አወለቀች። ከበሩ ወዲያ መቃብሮቹ ይታያሉ። «የትኛው ነው?» አለችኝ። ከዚያም ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ክርስትና ስሟንስ ያውቁታል? ቄሱ ዛሬ አምጪልኝ ብለውኛል።»

የሕያው ሰው ስም ከሙታን ጋር ሊነሣ ነው። ድቁና ብተው ምን፣ ኃጢአት መሆኑን አላጣሁትም። በሩ አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ።

«ክርስትና ስሟን እኔ አላውቅም» አልኋት። «ራሷን ጠይቂያት።»

«እንዴት?»

«እዚህ መቃብር የላትም፤ እኔም ስትቀበር አላየሁም። ያን ወረቀት ስጽፍ እናትሽ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት በሙጃ በኩል ነበረች። ዛሬ ትኑር አትኑር አላውቅም።»

ጧፉን በነጠላዋ ጫፍ ጠቀለለችው። ጫማዋን መልሳ አደረገች፤ ማሰሪያው እንቢ አላትና ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከረች።

«ወደ ሙጃ መኪና የሚነሣው ስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ።

ዓርብ ንጋት ላይ በጭነት አይሱዙ ተሳፍረን ሄድን። መንገዱን በሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰችኝም፤ እኔም ደፍሬ አላናገርኋት። አንድ ዳገት ላይ ወርደን አንድ ሰዓት ያህል በእግር ተጓዝን። ነፋሱ አጥንት ይሰብራል። ከመንደሩ መግቢያ ላይ ከደጇ ገብስ የምታሰጣ ሴት አገኘን።

«የታንጉት ቤት የትኛው ነው?» አልኋት።

«የትኛዋ ታንጉት? ሁለት ነበሩን፤ አንደኛዋ በክረምት ዐረፈች።»

መቅደስ ክንዴን ያዘችኝ። ከትናንት ወዲህ ስትነካኝ የመጀመሪያዋ ነው።

«የምትፈልጓት ከወዴት የመጣች ናት?» አለች ሴትዮዋ።

«ላሊበላ ልብስ ታጥብ የነበረች።»

«እሷማ አለች፤ ከአውድማው ላይ ባቄላ ታዘራለች። በዚህ በኩል ዙሩ።»

ዞርን። ታንጉት አርጅታለች፤ ከዕድሜዋ በላይ። ባቄላውን ወደ ላይ እየበተነች ገለባውን ለነፋስ ትሰጣለች። ቀና ስትል መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። ስንት ዓመት ሳታየኝ ቆይታ፣ እንደምን አደርህ እንኳ ሳትል፣

«አያ ሙላው፣ ደብዳቤ መጣ?» አለችኝ።

ከዚያ ቀን በፊት ሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም። «ደብዳቤ አይደለም ይዤ የመጣሁ» አልኋትና ከመቅደስ ፊት ገለል አልሁ።

ታንጉት አየቻት። መቅደስም አየቻት። ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ ታንጉት እጇን በቀሚሷ ጠራረገችና ቀስ ብላ ቀረበች።

«ስንተኛ ክፍል ደረስሽ?» አለቻት።

«ጨርሻለሁ።»

«ምኑን?»

«ዩኒቨርሲቲውን። አምና ተመረቅኩ።»

«አስተማሩሽ እንግዲያ» አለች ታንጉት። «አስተማሩሽ። ቃላቸውን ጠበቁ።» ይህን ብላ ባቄላው ላይ ቁጭ አለች። መቅደስ እግሯ ሥር ተደፋች። ከዚያ ያለውን አላየሁም፤ ፊቴን አዙሬ ቆሜ ነበር።

ኋላ ቤት ገብተን አረፍ ስንል መቅደስ ክርስትና ስሟን ጠየቀቻት። «ለምንሽ ነው?» አለች እናቷ። መቅደስም እየተንተባተበች ነገረቻት፤ ፍትሐቱን፣ እሑድን፣ ወረቀቱን።

«ሞታለች ያለ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አልሁ።

ታንጉት አየችኝ። ዳቦ ቆርሳ ለልጇ ሰጠች፣ ለባሏ ሰጠች፣ ለእኔም ሰጠች፤ እንግዳ ነኛ። ያን ቀን ግን ከዚያ ወዲያ አላናገረችኝም።

እሑድ ላሊበላ ወረደች። የሴቶቹ ዳቦና ጠላ ደርሶ ስለነበር ለነዳያን ተሰጠ። ቄሱ ነገሩን ሲሰሙ አማተቡና ስሟን ከሕያዋን ጋር አነሡት። ታንጉትም ከነዳያኑ አጠገብ ተቀምጣ በላች። «የቁም ተዝካር የሚያወጣ ሞልቶ የለም እንዴ» አለች አሉ።

መዝገቡን ማስተካከል ግን ሦስት ወር ፈጀ። መቅደስ መዝገቡ እንዲቃና ፈለገች፤ እኔም የራሴን ማመልከቻ ጽፌ፣ በሐሰት መስክሬያለሁ ብዬ፣ አብሬ አስገባሁ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ታንጉት ፊቱ ቆማ እያያት፣ «ይህች ሴት በመዝገብ ሞታለች፤ በሕይወት መኖሯን ሦስት ሰው ይመስክር» አለ። ሦስት የመንደሯ ሰዎች ሥራቸውን ትተው መጡ። እኔን ማንም ምስክር ሁን አላለኝም።

ዳኛው የእኔን ማመልከቻ አንብበው ሲጨርሱ፣ ነገሩ በጣም ስለቆየ ክሱ በይርጋ የታገደ መሆኑን፣ ሊቀጡኝም እንደማይችሉ ተናገሩ። ከዚያ ወደ ታንጉት ዞሩ። «እናት፣ በዚህ ሰው ላይ የሚሉት ካለ ይናገሩ» አሏት።

ታንጉት ነጠላዋን አስተካከለች።

«ስለ ወረቀቱስ ግድ የለኝም፤ እነግርማም ልጄን ወደው ነው» አለች። «ቅዳሜ ቅዳሜ ደብዳቤ መጣ ወይ ስለው ፊቴን እያየ አልመጣም ይለኝ ነበር። ሞተሻል ብለን ጽፈናል ቢለኝ ኖሮ አልጠብቅም ነበር። ለሞተ ሰው ደብዳቤ የሚጽፍ የለም።»

የተናገረችው ተጽፎ ጣቷን እንድታሳርፍበት ቀረበላት። እኔ ቅርብ ነበርሁና፣ የሥራ ልማድ ሆኖብኝ፣ ላነብላት እጄን ዘረጋሁ። ወረቀቱን ሳበችው። «አንተ ተወው» አለችኝ። «ልጄ ታንብብልኝ።»

ይህን ያወጋኋችሁ ይቅርታ ልለምን አይደለም፤ ይቅር ባይዋ ሌላ ናት፣ እሷም ይቅር አላለችኝም። ከዚያ ወዲህ ያላየሁትን አልመሰክርም። ሌሎች ሁለት ጎረቤቶች በዚህ አኩርፈውኛል፤ ግትር ብለውኛል። ይሁን። «አንቺ ባለጉዳይ አይደለሽም» የተባለች ልጅ ከመዝገብ ቤቱ መስኮት ተመልሳ ስትመጣ ካየሁ ማመልከቻውን ጽፌ እስከ ዳኛው በር አብሬያት እሄዳለሁ። የሰው አወላለድ የተጻፈበት ወረቀት የማን እንደሆነ አሁን አውቄያለሁ።

ከእናንተም መካከል ለጎረቤት ብሎ እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ስሙን ያኖረ ካለ፣ ሰዎቹ በሕይወት ሳሉ ሄዶ ይንገራቸው። እኔ ሃያ ዓመት ዝም ብያለሁ፤ ልጅቱ መጥታ የእናቴን መቃብር አሳየኝ ስትለኝ እንኳ መጀመሪያ ያደረግሁት ተነሥቼ መንገድ መምራት ነው።